በአዲሱ ዓመት የወይን ጠጅ ምርጫን ማስፋት፦ ለሰሜን ሸዋ ገበታ የተዘጋጀ መመሪያ

በደብረ ብርሃንም ሆነ በአረርቲ፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በአጣዬ በበዓል ገበታ ላይ ወይን ጠጅ ሲቀርብ ጠርሙሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ይታወቃል። ለእንቁጣጣሽ የተከፈተው ጣፋጭ ቀይ ለገና ይደገማል፤ በሠርግና በክርስትናም ላይ ያው እርሱ ይመጣል። የለመዱትን መውደድ ነውር የለበትም። ይሁን እንጂ ከአንድ ዓይነት በቀር ሌላ ሳይቀምሱ «እኔ ወይን የምወደው ጣፋጭ ሲሆን ብቻ ነው» ብሎ መደምደም አንድ ጠጅ ቤት ብቻ ገብቶ ስለ ጠጅ ሁሉ እንደ መፍረድ ይቆጠራል። ይህ መመሪያ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ባሉት ወራት አንድ ሰው የሚጠጣውን መጠን ሳይጨምር የሚያውቃቸውን የወይን ዓይነቶች እንዴት ማብዛት እንደሚችል በቅደም ተከተል ያስረዳል። «መጠን ሳይጨምር» የሚለው ሐረግ እንዲሁ የገባ ባለመሆኑ ከዚህ በታች የተሰጡት ልኮች ሁሉ በእርሱ ላይ ተመሥርተዋል።

1. ከጠጅ ቤት ቋንቋ መነሣት

መነሻውን ቋንቋችን አስቀድሞ ሰጥቶናል፤ ከወይን ፍሬ የሚጠመቀውን መጠጥ «ወይን ጠጅ» ብለን የጠራነው በጠጅ በኩል ስላወቅነው ነው። ጠጅ ቤት የገባ ሰው «ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳያመነታ ይመልሳል፤ ይኸው ሰው ወይን ሲገዛ ግን ያንኑ ጥያቄ አያነሣም። ለስላሳ ጠጅ እርሾው የማሩን ስኳር በልቶ ሳይጨርስ የሚቀዳ ሲሆን ደረቁ ደግሞ ቆይቶ ስኳሩ ያለቀበት ነው። በወይንም የሚሆነው ይኸው ነው። እርሾ የፍሬውን ስኳር ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል፤ ስኳሩ ሲያልቅ ወይኑ ደረቅ ይባላል፤ የተረፈ ስኳር ካለ ደግሞ እንደ መጠኑ መካከለኛ ወይም ጣፋጭ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጠጅ ቤት «ደረቅ» ሲባል «ብርቱ» ማለትም ጭምር ነው፤ በወይን ግን ጣፋጭ የሆነው ሁሉ ቀላል አይደለም። ፖርት የሚባለው የፖርቱጋል ወይን ስኳሩ ሳያልቅ ከወይን የተጣራ አልኮል ስለሚጨመርበት ጣፋጭ ሆኖ ሳለ የአልኮል መጠኑ 20 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ የተለመደው ደረቅ ወይን ግን በአብዛኛው ከ12 እስከ 14 በመቶ ነው። ስለዚህ በምላስዎ ብቻ ሳይመሩ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ።

ጠርሙስ ከመግዛትዎ በፊት በአንድ ምሽት በማእድ ቤት የሚሠራ ልምምድ አለ። ሦስት ብርጭቆ ያዘጋጁ። በአንደኛው ማር በውኃ ይበጥብጡ፤ በሁለተኛው በውኃ ላይ ግማሽ ሎሚ ይጭመቁ፤ በሦስተኛው ስኳር የሌለበትና ቅጠሉ በደንብ እስኪጠቁር የፈላ ሻይ ቀዝቅዞ ይቀመጥ። ተራ በተራ ይቅመሷቸው። የመጀመሪያው ጣፋጭነትን ያሳይዎታል። በሁለተኛው ምራቅዎ ከጉንጭዎ ግራና ቀኝ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ወይን ጠጪዎች ስለ ኮምጣጣነት ሲናገሩ የሚያመለክቱት ይህንኑ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጥሬ ሙዝ የነከሱ ያህል ድድዎንና ምላስዎን ያደርቃል፤ ይህን የሚያደርገው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን በወይን ውስጥ የሚገባው ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ ነው። ቀይ ወይን ከቆዳው ጋር ስለሚፈላ ቀለሙንም ታኒኑንም ከዚያ ያገኛል፤ ነጭ ወይን ግን ጭማቂው ከቆዳው ተለይቶ ስለሚፈላ ታኒኑ ጥቂት ነው። ሮዜ የሚባለው ፈዛዛ ቀይ ወይን ከቆዳው ጋር ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ቆይቶ ይለያል። በጠላና በጌሾ ያደገ አፍ መራርነትንና ታኒንን በመጀመሪያ ይደባልቃቸዋል፤ መራርነት ምላስ ላይ እንደሚቀመጥና ታኒን ግን ድድን እንደሚይዝ አንዴ ካስተዋሉ በኋላ አይምታቱብዎትም።

2. የአሁኑን ልማድ መጻፍና የአገር ውስጡን መደርደሪያ ማወቅ

አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል። አዘውትረው የሚጠጡትን ወይን ስም፣ ጣፋጭ ወይም ደረቅ መሆኑን፣ ከየትኛው የፍሬ ዓይነት እንደ ተሠራ፣ የአልኮሉን መጠንና ከምን ምግብ ጋር እንደ ጠጡት ይጻፉ፤ ከ10 የሚሰጡትንም ነጥብ ያስቀምጡ። ይህ የመጀመሪያው መስመር የኋላው ሁሉ መለኪያ ስለሚሆን በችኮላ አይለፉት።

ከዚያ ወደ መጠጥ ማከፋፈያ ወይም ወደ ሱፐርማርኬት ሄደው ሳይገዙ መደርደሪያውን ብቻ ያንብቡ። በብዛት የሚያገኙት የሁለት ድርጅቶችን ምርት ነው። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርቶች መካከል አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ ነው፤ ጉደር ከእርሱ የደረቀ ቀይ ሲሆን ክሪስታልና ከሚላ ነጮች ናቸው። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በዝዋይ አካባቢ የሚገኘው የካስቴል እርሻ ነው፤ ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡበት ዙሪያው በቦይ የታጠረ የወይን እርሻ ከዚያ በቀር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከዚህ እርሻ አካሽያና ሪፍት ቫሊ የሚባሉ ሁለት መስመሮች ይወጣሉ። በአካሽያ ውስጥ መካከለኛ ጣፋጭ የሆኑ ይገኛሉ፤ ሪፍት ቫሊ ግን ደረቅ ሲሆን ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ በሚባሉ የፍሬ ዓይነቶች ስም ተለያይቶ ይሸጣል። የፍሬው ስም በጠርሙሱ ላይ መጻፉ ለጀማሪ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሜርሎንና ሲራን ጎን ለጎን ሲቀምሱ ሁለቱም በአንድ አፈርና በአንድ እጅ የተሠሩ በመሆናቸው የሚያገኙት ልዩነት በአብዛኛው የፍሬው መሆኑን ያውቃሉ። ከተለያየ አገር የመጡ ውድ ጠርሙሶችን ቢያወዳድሩ ይህን ያህል ግልጽ ትምህርት አያገኙም።

3. አንድ እርከን ብቻ መውረድ

ከጣፋጭ ወደ ደረቅ በአንድ ቀን መዝለል አይመከርም። ይህን የምጽፈው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። በአንድ የገና ምሳ ላይ ለአጎቴ እጅግ ደረቅ የሆነ ካበርኔ በዶሮ ወጥ ላይ ቀዳሁለት፤ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ብርጭቆውን በቀስታ ወደ እኔ ገፋና «ልጄ፣ ይሄን ሐኪም ነው ያዘዘልህ?» አለኝ። ጥፋቱ የወይኑም የአጎቴም አልነበረም፤ ከአክሱሚት ተነሥቶ አራት እርከን በአንዴ እንዲወርድ ያደረግሁት እኔ ነበርሁ።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። መነሻዎ ጣፋጭ ቀይ ከሆነ ቀጣዩ መካከለኛ ጣፋጭ ቀይ ይሁን። በእርሱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከቆዩ በኋላ ወደ ጉደር ይሂዱ፤ ከዚያ ታኒኑ ለስላሳ ወደ ሆነው ወደ ሜርሎ፣ በመጨረሻም ወደ ሲራና ወደ ካበርኔ ይለፉ። ነጮቹን ከቀዮቹ በኋላ መጀመር የለብዎትም፤ ታኒን የሚያስቸግረው ሰው መካከለኛ ጣፋጭ ከሆነ ነጭ ተነሥቶ ወደ ሻርዶኔ ቢሄድ መንገዱ ያጥርለታል። በእያንዳንዱ እርከን የወደዱትን እንጂ «መውደድ አለብኝ» ብለው ያሰቡትን አይጻፉ።

4. የቀማሾች ዕቁብ ማቋቋም

አንድ ሰው ብቻውን በየወሩ ሁለት ጠርሙስ ቢገዛ ወጪው ይከብደዋል፤ የከፈተውን ላለማባከን ሲል ደግሞ ከልኩ በላይ ይጠጣል። ለዚህ የሚሆን ሥርዓት በእጃችን አለ። ስድስት ሆነው ዕቁብ ይግቡ፤ በወር አንድ ጊዜ በአንዱ ቤት ይሰብሰቡ፤ ባለተራው ሁለት ጠርሙስ ያቅርብ፤ ወጪውን ሁሉም በእኩል ያዋጡ። ስድስት የተባለበት ምክንያት የሒሳብ ነው። የተለመደው ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ለስድስት ሰው 125 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ለመቅመስ ግን 60 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከተለመደው የቡና ሲኒ እምብዛም ያልበለጠ፣ ይበቃል። የቀረው ከምግብ ጋር ይቀርባል ወይም ተከድኖ ይቀመጣል።

ባለተራው ሁለቱን ጠርሙሶች የሚመርጠው በአንድ ነገር ብቻ እንዲለያዩ አድርጎ ነው። ፍሬያቸው ይለያይ፤ እርሻቸው አንድ ይሁን። ወይም ፍሬያቸው አንድ ሆኖ አገራቸው ይለያይ። ወይም ደግሞ ከአንድ ድርጅት ጣፋጩና ደረቁ ይቅረቡ። በሁለት ወይም በሦስት ነገር የሚለያዩ ወይኖች ጎን ለጎን ሲቀርቡ ቀማሹ ልዩነቱን ያገኘዋል እንጂ የልዩነቱን ምክንያት ማግኘት ይቸግረዋል። ጠርሙሶቹ በጋዜጣ ይጠቅለሉና «ሀ» እና «ለ» ይባሉ፤ አንገታቸውም ይሸፈን። ስሙንና ዋጋውን የሚያይ ዓይን ምላስን ያታልላል፤ እንግዳ ሆኖ የመጣ የተማረ ሰው ደግሞ ሁሉንም ያታልላል፤ ስለዚህ ሁሉም በደብተሩ ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ማንም አስተያየት እንዳይሰጥ አስቀድመው ይስማሙ።

የአቀማመሱ ሥርዓት ቀላል ነው። ብርጭቆው ቀለም የሌለውና አፉ ከሆዱ ጠበብ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተገኘ ንጹሕ የውኃ ብርጭቆ ይሠራል። ብርሌ ለጠጅ የተወደደ ዕቃ ቢሆንም አንገቱ አፍንጫ ስለማያስገባ ለዚህ ሥራ አይመችም። እስከ ሲሶው ብቻ ይቅዱ። በነጭ ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ ዘንበል አድርገው ቀለሙን ይዩ፤ ጠርዙ ወደ ቡናማ ያደላ ቀይ ወይን በአብዛኛው የቆየ ነው። ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ አዙረው ያሽትቱ። ከዚያ ትንሽ ተጎንጭተው በአፍዎ ሁሉ ካዳረሱ በኋላ ይዋጡት፤ ጣዕሙ ከዋጡት በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይቁጠሩ። በሁለቱ መካከል ውኃ ይጠጡ፤ ቁራሽ ዳቦም ይብሉ።

ስለ ሽታ ሲጽፉ ከማያውቁት ፍሬ ስም መዋስ አያስፈልግም። የውጭ መጻሕፍት ብላክ ከረንት የሚሉትን ፍሬ በእነዋሪ ወይም በሞላሌ ያደገ ሰው አያውቀውም፤ አጋምን ግን ያውቃል፣ እንጆሪን ያውቃል፣ ኮክና ፕሪም ያውቃል። ሲራ ብዙ ጊዜ የቁንዶ በርበሬ ሽታ አለው፤ ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፣ ሮታንዶን የሚባለው አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር በቁንዶ በርበሬም በሲራ ቆዳም ውስጥ ይገኛል። ካበርኔ በደንብ ሳይበስል የተለቀመ እንደ ሆነ ቃሪያ ቃሪያ ይላል። በእንጨት በርሜል የቆየ ወይን የቫኒላና የጭስ ሽታ ይይዛል፤ የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን የሸተተው ሰው ይህን ከማንም ቀድሞ ይለየዋል። ከጓሳ አካባቢ የመጣች አንዲት የዕቁባችን አባል በአንድ ቀይ ወይን ላይ «ጦስኝ» ብላ ጻፈች፤ ሌሎቻችን እንደገና አሽትተን አገኘነው።

5. የደጋውን ብርድ መጠቀም

ወይን በምን ሙቀት ይቀርባል የሚለው ጥያቄ በሰሜን ሸዋ ከሌላው ቦታ የተለየ መልስ አለው። ነጭና ሮዜ ከ8 እስከ 12፣ ቀይ ከ15 እስከ 18፣ አረፋ ያለው ወይን ደግሞ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢቀርቡ ይመረጣል። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቀርባል» የሚለው የቆየ ደንብ የወጣው ማሞቂያ ባልነበራቸው የአውሮፓ ቤቶች ነው፤ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው በደብረ ብርሃን ያለ የምሽት ሳሎን ያንን አሮጌ ቤት ይመስላል። ስለዚህ የደጋው ሰው ቀዩን ከቁም ሣጥን አውጥቶ እንዳለ ማቅረብ ይችላል። እንዲያውም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቀዩ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ቀይ ደግሞ ሽታው ይደበቃል፣ ታኒኑም ይሻክራል። እንዲህ ሲሆን ከከሰል ምድጃ አጠገብ አያስጠጉት፤ በብርጭቆ ቀድተው ሆዱን በመዳፍዎ አቅፈው ለአምስት ደቂቃ ቢይዙት ይመለሳል።

ለነጩ ወይን በደጋ ፍሪጅ አስፈላጊ አይደለም። ከመጠጣትዎ ከአንድ ሰዓት በፊት የቧንቧ ውኃ በባልዲ ቀድተው ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ይንከሩት፤ ውኃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚወስድ በረንዳ ላይ ከማቆም ይሻላል። በፍሪዘር ውስጥ ረስተው አይሂዱ፤ ወይን ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መርጋት ይጀምርና ቡሹን ገፍቶ ያወጣል።

ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ግን ሌላ አገር ነው። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ከሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት ለማንኛውም ወይን ይበዛል፤ እዚያ ቀዩም ቢሆን ከመቅረቡ በፊት ለግማሽ ሰዓት መቀዝቀዝ አለበት። መብራት ከሌለ ጠርሙሱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያቁሙት፤ እንስራ ውኃን በሚያቀዘቅዝበት በዚያው ምክንያት፣ ማለትም እርጥበቱ በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ፣ ወይኑ ይበርዳል። ከአዲስ አበባ ሲያመጡም ጠርሙሱን በአውቶቡሱ ፖርቶመጋላ ላይ ወይም ከሞተሩ አጠገብ አያስቀምጡ። አንድ ጊዜ በቆላው ከተማ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ነጭ ወይን ለወራት በመስኮቱ ፀሐይ ላይ ቆሞ የኖረ መሆኑን ያወቅሁት ቤቴ ከፍቼው የደረቀ የፖም ቅርፊት ሲሸተኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ከፊት የተደረደረውን ትቼ ከኋላ ያለውን አምጡልኝ እላለሁ።

6. ከምግባችን ጋር ማስማማት

በርበሬ የወይን ከባዱ ፈተና ነው። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሰዋል፤ ታኒንም ሻካራነትን ይጨምርበታል፤ በአጎቴ ላይ የደረሰው ይህ ነበር። ለዶሮ ወጥ፣ ለቀይ ወጥና ለምስር ወጥ የሚስማማው አልኮሉ መጠነኛ፣ ጥቂት ጣፋጭነት ያለውና ቀዝቀዝ ብሎ የቀረበ ወይን ነው። መካከለኛ ጣፋጭ ሮዜ ወይም ነጭ እዚህ ላይ ከማንኛውም ውድ ቀይ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ የሽንኩርቱ ጣፋጭነትም ያግዘዋል።

ጥብስ ሌላ ነገር ነው። ታኒን ከፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅና ስብ ስለሚያለዝበው ብቻውን ሲጠጣ አፍ የሚያጣብቅ ካበርኔ ከመንዝ በግ ጥብስ ጋር ሲቀርብ ለስልሶ ይገኛል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ብሂል ምክንያት አድርገው የደረቅ ቀዮቹን ቅምሻ በጥቅምት ቢያደርጉት ብርዱም፣ ሥጋውም፣ ወይኑም ይገጣጠማሉ፤ ጥብሱ ላይ ሚጥሚጣ አይብዛ እንጂ። የጥብስ ቅጠል የገባበት ከሆነ ሲራን ያስቀድሙ። ክትፎ በቅቤው ምክንያት ሜርሎን ይችላል።

አልጫ ከሻርዶኔ ጋር ይሄዳል። በቲማቲም ስጎ የተሠራ ፓስታ ኮምጣጣነት ያለው ቀይ ይፈልጋል። ቆሎና ማንኛውም ጨው ያለው ቁርስ አረፋ ላለው ወይን የተፈጠረ ይመስላል፤ ጭኮ ደግሞ ጣፋጩን ነጭ ይወዳል። የቀረውን በራስዎ ሞክረው ይጻፉት።

7. ዓመቱን በቀን መቁጠሪያ መከፋፈል

በጾም ወራት መጠጥ የሚተው ሰው ብዙ ስለሆነ የዕቁቡ ቀን ሲወሰን ቀን መቁጠሪያው አስቀድሞ ይታይ። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ጾሙ ስለማይሻር የመጀመሪያውን ቅምሻ በመስቀል ሰሞን ወዳለ የፍስክ ቀን ያሸጋግሩት። ከመስከረም 17 እስከ ኅዳር 14 ያለው ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ስብሰባ ይበቃል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል። ከገና በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ ድረስ ሌላ ክፍት ጊዜ አለ፤ በዚህ መካከል ጥር 12 ቀን የሚውለው ቃና ዘገሊላ፣ ውኃው ወደ ወይን ጠጅ የተለወጠበት መታሰቢያ በመሆኑ፣ ለቀማሾች ዕቁብ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ለፋሲካ የሚሆነውን ጠርሙስ በዚያ ጊዜ ገዝቶ በጨለማ ማስቀመጥ ይቻላል። የፍልሰታን ሁለት ሳምንት ጨምረው ሲያሰሉ በዓመት ሰባት ወይም ስምንት ስብሰባ ይደርስዎታል፤ ይህም ከ14 እስከ 16 የተለያዩ ወይኖች ማለት ነው።

የማይጠጡ እንግዶች፣ ሙስሊም ጎረቤትም ሆነ ጾመኛ፣ በቤቱ ካሉ ብርዝ ወይም የቀረፋ ሻይ በዚያው ዓይነት ብርጭቆ ይቅረብላቸው። ለነፍሰ ጡር ሴት፣ መድኃኒት ለሚወስድ ሰውና ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ወጣት ወይን አይቀዳም፤ የአልኮል መጠጥ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይከለክላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ስለሚገልጽ የጠጡትን መጠን እንደ ጣዕሙ ሁሉ በደብተርዎ ይመዝግቡ። ከስብሰባው በኋላ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ የሚወርድ ሰው ካለ ወይ አይቀምስ፣ ወይ እዚያው ይደር።

8. ወደ ውጭ አገር ወይን መሻገር

የአገር ውስጡን እርከን ሳይጨርሱ ወደ ውጭ ጠርሙስ አይሂዱ፤ ዋጋው ብዙ እጥፍ ስለሆነ በጨለማ መግዛት ያስቆጫል። ሲሻገሩም በደብተርዎ ከፍተኛ ነጥብ ካገኘው ይነሡ። የዝዋዩን ሲራ ከወደዱ የደቡብ አፍሪካውን ሺራዝ ይያዙ፤ ስሙ ቢለያይም ፍሬው አንድ ነው። እግረ መንገድዎን ፒኖታዥ የሚባለውን ይሞክሩ፤ ይህ ፍሬ በ1925 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፒኖ ኗርና ሳንሶ ተዳቅለው በደቡብ አፍሪካ የተገኘ ነው። ካበርኔን ከወደዱ የፈረንሳዩ ቦርዶ ካበርኔንና ሜርሎን ቀላቅሎ የሚሠራበት አገር በመሆኑ ለንጽጽር ይጠቅማል። ለፓስታው ከጣሊያን ኪያንቲ የሚባል ቀይ፣ በዶሮ ወጥ ላይ ደግሞ ከጀርመን ጥቂት ጣፋጭነት ያለው ሪዝሊንግ ይፈልጉ፤ ሪዝሊንግን ከበርበሬ ጋር ያልቀመሰ ሰው ነጭ ወይንን ገና አላወቀውም።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከተው የጆርጂያ ወይን ይመስለኛል። በዚያች አገር ከዛሬ 8,000 ዓመት ገደማ በፊት ወይን ይጠመቅ እንደ ነበር የሸክላ ስብርባሪዎች መስክረዋል፤ እስከ ዛሬም ቄቭሪ በሚባል፣ እስከ አንገቱ በመሬት በተቀበረ የሸክላ ጋን ውስጥ ይጠምቃሉ። ነጩን ፍሬ ከነቆዳው ስለሚያፈሉት ወይኑ የማር ቀለም ይይዛል፣ ታኒንም ይኖረዋል። በጋን የተጠመቀ መጠጥ ለሚያውቅ ሰው ይህ ጠርሙስ እንግዳ አይሆንበትም። በገበያ ላይ አልፎ አልፎ እንጂ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ካዩት የዕቁቡን ተራ አይጠብቁ።

በሚገዙበት ጊዜ ቡሹ ወደ ላይ ያልተገፋና አንገቱ ያላፈሰሰ መሆኑን ይመልከቱ። ነጭና ሮዜ ሲሆን ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በላይ ያልቆየውን ይምረጡ፤ «በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» የሚለው አባባል የሚሠራው ለጥቂት ወይኖች ብቻ ነው። አረፋ ያለውን ሲከፍቱ ቡሹን በአንድ እጅ አጥብቀው ይዘው ጠርሙሱን በሌላው ያዙሩ፤ በውስጡ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት ሁለት እጥፍ ስለሚበልጥ ወደ ሰው ፊት አያዙሩት።

9. ከተከፈተ በኋላ

የተረፈውን በቡሹ መልሰው ከድነው በቀዝቃዛ ቦታ ያቁሙት። ደረቅ ቀይና ነጭ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያሉ፤ አረፋ ያለው ግን በማግስቱ ይጠጣ። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ወይን ቡሹ የበከለው ስለሆነ ለጤና ባይጎዳም አይጣፍጥም፤ ሻጩ የሚቀበልዎ ከሆነ ይመልሱት። ወደ ኮምጣጤ የሄደውን እንደ ሆመጠጠ ጠላ ወዲያው ያውቁታል፤ እርሱን ለሰላጣ ያስቀሩት።

በጳጉሜን ደብተሩን ይክፈቱና ከሁሉ ያነሰ ነጥብ ያገኘውን ወይን ይፈልጉ። ምናልባት በመስከረም፣ ምላስዎ ገና ጣፋጩን ብቻ በሚያውቅበት ጊዜ፣ ከ10 ሁለት የሰጡት አንድ ደረቅ ቀይ ይሆናል። ያንኑ ለአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ስብሰባ ገዝተው በጋዜጣ ይጠቅልሉት፤ የቀድሞውን ነጥብ ለማንም ሳያሳዩ እንደገና ያስቀምሱ።